ሌላው ባዶ ይሁን

ቨርሊን ጌተርስ በወረዳው የመራጮች መዝገብ ቤት በሠራችባቸው ሃያ ስድስት ዓመታት አንድም ፖስታ አልጠፋባትም። ይህን የምትናገረው እሷ አይደለችም፤ ስለ ራሷ ማውራት አትወድም። የሚናገሩት ልጆቻቸውን ለባሕር ኃይልና ለጦር ሠራዊት የሰጡ የፖላርድ ደሴት እናቶች ናቸው። አንዲት እናት መስኮቱ ጋ ስትደርስ ቨርሊን ገና ቀና ሳትል፣ "ያ ልጅሽ ከጃፓን ተነሣ ወይስ እዚያው ነው?" ትላታለች። እናቲቱም ወረፋውን ረስታ የልጇን ጉድ ስትዘረግፍ ከኋላ የቆመው ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል።

መዝገብ ቤቱ ያለው ከፍርድ ቤቱ ሥር፣ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ዝናብ ሲጥል ግድግዳው ያልበዋል። የቨርሊን ጠረጴዛ ላይ አንድ የጫማ ካርቶን አለ፤ በውስጡ በባሕር ማዶና በውትድርና ያሉ መራጮች ስም በካርድ በካርድ ተደርድሯል። ኮምፒዩተሩ አድራሻቸውን ያውቃል። ካርቶኑ ግን ኮምፒዩተሩ የማያውቀውን ያውቃል፤ ማን በየትኛው መርከብ ላይ እንዳለ፣ ማን ኢሜይል በሳምንት አንዴ ብቻ እንደሚከፍት፣ የማን ሚስት ተኳርፋ ስለሄደች ደብዳቤ በእሷ በኩል መላክ እንደማይገባ። ከኃላፊዋ ጋር በዚህ ካርቶን የተነሣ ስንት ጊዜ ተጣልታለች። ካርቶኑ እዚያው ነው።

እኛ ዘንድ ሦስት ሰው ተወዳድሮ ማንም ከግማሽ በላይ ካላገኘ ሁለቱ ቀዳሚዎች በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደገና ይገናኛሉ። መለያ ምርጫ ይባላል። ሁለት ሳምንት ለደሴቱ ሰው ይበቃዋል፤ ሲከራከርበት ይሰነብታል። ባሕር ላይ ላለ ልጅ ግን ወረቀቱ ሄዶ እስኪደርሰው ያሸነፈው ሰው ወንበሩን አሙቆ ይጠብቀዋል። ቨርሊን ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ዓመት፣ በሰኔ ለተደረገ መለያ ምርጫ የተላከ ድምፅ በነሐሴ መጣ። ልጁ ከፖስታው ጀርባ በእርሳስ፣ "እባካችሁ እንዳይዘገይ" ብሎ ጽፎበታል። ሕጉ እንደሚያዘው "ዘግይቷል" የሚለውን ማኅተም መታችበት። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩን አልተወችውም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለግዛቱ ምክር ቤት ደብዳቤ ጻፈች። ሦስት ጊዜ በአውቶቡስ ወደ ዋና ከተማው ሄዳ፣ ለአምስት አምስት ደቂቃ፣ ስልካቸውን በሚነካኩ ሰዎች ፊት ቆማ ተናገረች። በመጨረሻ ሕጉ ወጣ። ለወታደሩና ባሕር ማዶ ላለው ሰው ከመጀመሪያው ዙር ወረቀት ጋር ሌላ ወረቀት አብሮ ይላክለታል። በዚያ ላይ ተወዳዳሪዎቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ በምርጫው ቅደም ተከተል ይቆጥራቸዋል። አንደኛ ያለው ሰው ከወደቀ ድምፁ ለሁለተኛው ይሄዳል። ልጁ አንዴ ልኮ ሁለቴ መረጠ ማለት ነው። ሕጉን ያወጣችው እሷ ብቻ አይደለችም፤ ፖላርድ ላይ ግን ስሙ "የቨርሊን ቁጥር" ነው። በዚያ ሳምንት ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉ የስኳር ድንች ፓይ ጋግራ አመጣች፤ ለኃላፊዋም ጭምር።

እንግዲህ ይቺ ሴት ናት ሌላው ባዶ ይሁን የሚለውን ቃል የተናገረችው።

ቃሉ የአባቷ ነበር። ዲያቆን ኤዝራ ጌተርስ የባሕር ዛጎል ለቃሚ ነበሩ፤ እጃቸው በዛጎል ስለት የተተለተለ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው። በእሳቸው ዘመን የወረዳው ምክር ቤት አምስት ወንበር ነበረው፤ መራጩ ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ አምስት ስም ይመርጥ ነበር። ነጮቹ በቁጥር ስለሚበልጡ አምስቱንም ይወስዱታል። ጥቁሩ የእኛ ሰው ደግሞ አንዱን ድምፅ ለራሱ ሰው ሰጥቶ፣ የቀሩትን አራቱን በጨዋነት ለእነሱ ያድልና የራሱን ሰው በራሱ እጅ ይጥለዋል። ዲያቆን ኤዝራ ይህን በለውዝ አስረዱ። እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ የተቀቀለ ለውዝ ጠረጴዛው ላይ እየደረደሩ፣ "አንድ ስም። ሌላው ባዶ ይሁን" ይሉ ነበር። "ነጠላ ጥይት" ይባላል ዘዴው። በሦስተኛው ምርጫ የእኛ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ምክር ቤት ገባ፤ ዲያቆን ኤዝራም የዚያን ዕለት ለውዙን ለሕፃናት በተኑት።

ከዚያ ወዲህ ቃሉ ለእኛ እንደ ጸሎት ሆነ። የአምስቱ ወንበር ሥርዓት በፍርድ ቤት ፈርሶ ወረዳው በቀበሌ ተከፋፈለ፤ እያንዳንዱ ቀበሌ አንድ አንድ ሰው መምረጥ ጀመረ። ቃሉ ግን ሥራው ካለቀ በኋላም አልቀረም። ሠርግ ላይ ሁለት ልጃገረድ የሚያይ ጎረምሳ ካለ ሽማግሌዎቹ፣ "አንድ ስም፣ ልጄ፣ ሌላው ባዶ ይሁን" ብለው ይሥቁበታል። ልማድ ሲሰለጥን ተፈጥሮ ይሆናል ይባል የለ።

ዲያቆን ኤዝራ ያረፉት ቤቴል ዳርቻ በተባለው መካነ መቃብር ነው። የእኛ ሰዎች ሙታናቸውን ውኃ ዳር ይቀብራሉ፤ ሟቹ መጨረሻ የነካውን ዕቃም ከላዩ ያኖሩለታል። የእሳቸው መቃብር ላይ ሰማያዊ ኩባያና ያረፉበት ሰዓት ላይ የቆመ የጠረጴዛ ሰዓት አለ። ወደዚያ የሚወስደው አንድ የአሸዋ መንገድ ነው። በዙሪያው ያለውን መሬት አንድ የመዝናኛ ኩባንያ ጠቅልሎ ገዝቶት ነበርና መንገዱም የግሌ ይሁን ብሎ ለምክር ቤቱ አመለከተ። አራቱ የምክር ቤት አባላት ሁለት ለሁለት ተከፈሉ። አምስተኛው የእኛ ቀበሌ ወንበር ነበር፤ በዚያ ሰኔም ምርጫ የሚደረገው ለዚሁ ወንበር ነበር።

ሦስት ሰዎች ቀረቡ። ነህምያ ፖላይት የደሴቱ ልጅ፣ ሃያ ሁለት ዓመት በጦር ሠራዊት አገልግሎ በሻለቃ ባሻነት ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ወይዘሮ ሎሬን ዋሽበርን ከድልድዩ ማዶ የሚኖሩ ነጭ፣ የግማሹን ደሴት ልጅ ያስተማሩና የገረፉ የቀድሞ ርዕሰ መምህርት ናቸው። ግሬዲ ቶሊቨር የመሬት ደላላ ነው። ፖላይትና ወይዘሮ ዋሽበርን መንገዱ የሕዝብ ሆኖ ይቀራል አሉ። ቶሊቨር "ልማት" አለ፤ ቃሉ ሲወጣ ሰው ሁሉ ምን ማለቱ እንደሆነ ገባው። በባሕር ማዶ ያሉት ልጆቻችን ከፖላይት ሌላ ሰው ያለም አይመስላቸውም ነበር፤ እጃቸውን ይዞ ለውትድርና ያዘጋጃቸው እሱ ነውና።

በግንቦት መጀመሪያ በአንድ ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ኦዴሳ ፍሪፕ ደወለች። ኦዴሳና ቨርሊን ከልጅነታቸው ጀምሮ በመዘምራን ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙ ናቸው። የኦዴሳ ልጅ ኬልቪን ባሕሬን ወደብ ላይ በቆመች መርከብ ውስጥ ነበር። መስኮቱ ጋ ሁለት ሰዎች ይጠብቃሉ፤ ቨርሊን በአንድ እጇ ስልኩን፣ በሌላው የባምያ ሾርባዋን ይዛለች።

"ኬልቪን ወረቀቱ ደርሶት ደወለልኝ፤ ሦስቱንም ቁጠር ይላል አለኝ። የግድ ነው?" አለች ኦዴሳ።

"የግድ አይደለም። የፈለገውን ያህል ነው።"

"ሴትዮዋን ሁለተኛ ካላትማ ፖላይትን ትጎዳዋለቻ።"

ቨርሊን ማስረዳት ነበረባት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያስረዳችው ይህንኑ ነበር፤ ሁለተኛው ቁጥር አንደኛውን አይነካውም፣ የሚቆጠረው አንደኛው ከወደቀ ብቻ ነው። ሾርባው እየቀዘቀዘ ነበር። ሰዎቹ እየጠበቁ ነበር። ኦዴሳም ጓደኛዋ ነበረችና ቨርሊንን ቀልድ አማራት።

"አባዬ ምን ነበር የሚለው?" አለች።

ኦዴሳ ሣቀች። "አንድ ስም፤ ሌላው ባዶ ይሁን።"

"በቃ፣ ጨርሰሻል እኮ" አለች ቨርሊን፤ ስልኩንም ዘጋችው።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ቢሆንም ነገሩ በዚያ ቢያበቃ የአንድ ልጅ ድምፅ ነበር። ኦዴሳ ግን አንድ ነገር ሰምታ የምታሳድር ሴት አይደለችም። በሚቀጥለው እሑድ ማስታወቂያ በሚነገርበት ሰዓት ከመዘምራኑ መሃል ተነሥታ፣ ልጆቻችሁ ባሕር ማዶ ያሉ እናቶች ስሙኝ አለች። ሚስ ቨርሊን ራሷ ከመዝገብ ቤት እንደነገረችኝ፣ አለች፣ ዲያቆን ኤዝራ እንዳስተማሩን ነው፤ ፖላይትን አንድ በሉ፣ ሌላው ባዶ ይሁን። ሽማግሌዎቹ "አሜን" አሉ። አንዳንዱም የድሮውን ትዝታ አስታውሶ እጁን አጨበጨበ።

ቨርሊን አጠገቧ ተቀምጣ ነበር። መዝሙር መጽሐፉን ዘጋችው። ተነሥቼ "አይደለም" ልበል አለች በልቧ። በስንት ሰው ፊት የአባቷን ቃል ማረም አሳፈራት፤ ኦዴሳንም ማዋረድ መሰላት። ደግሞም የምርጫ ሠራተኛ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ ምርጫ አይናገርም፤ ደንቡ ይህ ነው። ደንብ ለፈሪ እንዴት ያለ ጥሩ መጠለያ ነው። ፓስተሩ ወደሚቀጥለው ማስታወቂያ አለፈ፤ ስለ ዓሣ ጥብሱ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ባሕር ማዶ ላሉት ሁሉ በኢሜይል የሚላክ አጭር ማብራሪያ ጻፈች። አምስት መስመር ነበር። አንብባ ጨረሰችና ቆም አለች። ይህ የሚያስፈልጋቸው የፖላይት ደጋፊዎች ብቻ ናቸው፤ ኃላፊዋ ቢያየው ለአንድ ወገን ቀሰቀሰች ይላት ይሆናል። በዚያ ላይ የታተመው መመሪያ አብሯቸው ሄዷል፤ ማንበብ የሚችሉ ልጆች ናቸው። ነገ አየዋለሁ አለችና ዘጋችው። በማግሥቱ የመጀመሪያዎቹ ፖስታዎች መድረስ ጀመሩ። የታሸገ ፖስታ ከቀኑ በፊት አይከፈትም፤ እሷም እየተቀበለች ካርቶኗ ውስጥ ባሉት ካርዶች ላይ ምልክት አደረገች። አንድም አልጠፋም፤ ከባሕር ማዶ የሚጠበቁት አሥራ አንዱም ደረሱ።

በመጀመሪያው ዙር ፖላይት በትንሽ ልዩነት ሦስተኛ ሆኖ ወደቀ። ለመለያው የቀሩት ወይዘሮ ዋሽበርንና ቶሊቨር ነበሩ። ፖላይት በማግሥቱ ባርኔጣውን አውልቆ በየቤቱ እየዞረ ለወይዘሮ ዋሽበርን ድምፅ ለመነ፤ ሰውዬው እንደዚያ ያለ ሰው ነው። ባሕር ላይ ላሉት ግን ሊነግራቸው አይችልም፤ የእነሱ ወረቀት አስቀድሞ ተጽፎ አልቋል።

በመለያው ቀን ከቀትር በኋላ የምርጫ ቦርዱ ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጠ። የሚያነቡት ሰብሳቢው ሚስተር ስቶክስ ናቸው፤ የማዳበሪያ ነጋዴ፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚቀመጥ ቀርፋፋ ሰው። የምትመዘግበው ቨርሊን ናት። የመጀመሪያው የባሕር ማዶ ወረቀት ተከፈተ።

"አንድ፣ ፖላይት። ሁለት፣ ባዶ። ሦስት፣ ባዶ" አሉ ሚስተር ስቶክስ።

ፖላይት ስለወደቀ፣ ሌላ ቁጥርም ስለሌለ፣ ድምፁ የሚሄድበት የለውም። ቨርሊን "የማይቆጠር" በሚለው ረድፍ ላይ አንድ ጭረት ሠራች። ሁለተኛው ተከፈተ፤ ባዶ። ሦስተኛው፤ ባዶ። በአራተኛው ላይ ሚስተር ስቶክስ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው፣ "እነዚህ ልጆች ተነጋግረው ነው እንዴ የሞሉት?" አሉ፤ ለቀልድ ነበር። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ አንድ ስም ብቻ ነበራቸው። ሁለቱ ብቻ ወይዘሮ ዋሽበርንን ሁለተኛ ብለው ነበር፤ ስም ባይኖርባቸውም ቨርሊን አላጣቻቸውም፤ አንደኛው የካቶሊክ ልጅ ነው፣ የሌላው እናት በዚያ እሑድ ታማ ቀርታ ነበር። ቨርሊን ዘጠኙን ጭረት በራሷ እጅ ሠራች፤ ሁሉም እንደ ወትሮው ቀጥ ያሉ ነበሩ። ይህን ከሁሉ በላይ ታፍርበታለች።

ቶሊቨር በስድስት ድምፅ ብልጫ አሸነፈ። ሐሙስ ዕለት በድጋሚ ተቆጠረ፤ ያው ስድስት ነው። በመስከረም፣ ቶሊቨር ገና ወንበሩን ሳይዝ፣ መንገዱ ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ ተሰማ፤ በጥር ቶሊቨር ተቀመጠ፤ በየካቲት መንገዱ ሦስት ለሁለት ለኩባንያው ሄደ። በፋሲካ ሰሞን የአሸዋው መንገድ አፍ ላይ የብረት በርና የጥበቃ ቤት ቆመ። ሙታን ያላችሁ በቀጠሮ ትገባላችሁ፣ አሉን።

ቨርሊን ከዚያ በኋላ ያልሞከረችው የለም። ካርቶኗን ይዛ ለእያንዳንዷ እናት ደወለች፤ ቁጥሩን ሁሉንም ጻፉ በሏቸው፣ ተወዳዳሪውን ብትጠሉትም ጻፉ በሏቸው አለች። በቤተ ክርስቲያንም ተነሥታ፣ ደንቡን ረግጣ፣ "የአባዬ ቃል ለሌላ ወረቀት ነበር፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ኦዴሳ አይደለችም" አለች። ነገሩ ካለፈ በኋላ ግን አሜን የሚያሰኝ አልነበረም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ኦዴሳ አልተቀየመቻትም። ከመዘምራኑ መሃል ግን አንድ ሰው በመካከላቸው እንዲቆም ቦታ ቀየረች፤ ጉንፋን ይዞኛል ብላ።

በግንቦት ኬልቪን ፍሪፕ ለፈቃድ መጣ። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ትከሻው ሰፍቷል። አባቱ ሽሪምፕ አጥማጅ ነበር፤ ቤቴል ዳርቻ ነው ያረፈው፣ ከዲያቆን ኤዝራ ሦስት መቃብር ርቆ። ኬልቪን መኪና ስላልነበረው ቨርሊን በራሷ መኪና ልትወስደው ቀጠሮ ያዘች። ለመንገዱ አንድ እሽግ የተቀቀለ ለውዝ ገዛ፤ ልጆች እንደሚያደርጉት ቅርፊቱን በመስኮት ይጥላል።

"ሚስ ቨርሊን፣ ወረቀቴ ደረሰዎት አይደል?" አለ።

"ደረሰ። ከቀኑ ቀድሞ።"

"እርስዎ ካሉ እንደማይጠፋ ለጓደኞቼም ነገርኳቸው።" ፈገግ አለ። "ዕድል ሆኖ ተሸነፍን እንጂ።"

ዕድል ማለቱ ነገሩን አልፋ እንድትሄድ መንገድ ከፍቶላት ነበር። ቨርሊን መኪናውን ቀስ አደረገች።

"ዕድል አይደለም፣ ልጄ" አለችው። "ለእናትህ የተሳሳተ ነገር የነገርኳት እኔ ነኝ። ሁለተኛ ብትጽፍ ፖላይትን አይነካውም ነበር። ድምፅህ ደርሷል፤ አልተቆጠረም።"

ኬልቪን ለውዙን ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ቁጣ በሌለበት ድምፅ ነበር የተናገረው፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

"ወይዘሮ ዋሽበርንን ሁለተኛ ልላቸው ነበር እኮ። አራተኛ ክፍል ማንበብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ነበር። ኋላ እማዬ፣ ሚስ ቨርሊን እንዲህ ብላለች ስትለኝ አነሣሁት።"

ቨርሊን ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን ከነገሩ አንሶ ታያትና ተወችው። መኪናውን እስከ ብረቱ በር ድረስ ነዳችው።

ጥበቃው ወጣትና ጨዋ ነበር፤ የሌላ አገር ሰው ነው፣ በክፋት የሚሠራ አይደለም። በመስኮቱ በኩል ሰሌዳ ላይ የተቆነጠጠ ቅጽ ሰጣት። ለአንድ መኪና አንድ ቅጽ ነው፣ አላት፤ የጎብኚዎቹ ስም ከላይ፣ የሚጎበኙት ሟቾች ስም ከታች ይሞላ፤ ስሙ ወዳልተጻፈ መቃብር መሄድ አይፈቀድም፣ ይቅርታ፣ መመሪያው ነው። ከታች አምስት መስመር ነበረ።

ቨርሊን እስክሪብቶውን ተቀበለች። የራሷን ስምና የኬልቪንን ጻፈች። ቀጥላ በመጀመሪያው መስመር ላይ "ኤዝራ ጌተርስ" ብላ በደንበኛው የመዝገብ ቤት ጽሕፈቷ ጻፈችና ሰሌዳውን ለጥበቃው መለሰችለት።

ኬልቪን ከጎኗ አንገቱን አስግጎ ሲያነብ ነበር።

"ሚስ ቨርሊን" አለ ቀስ ብሎ፤ "የኔ አባትስ?"

ሰሌዳውን ከጥበቃው እጅ መልሳ ወሰደችው። በሁለተኛው መስመር ላይ የአባቱን ስም ጻፈች። በሦስተኛው እናቷን፣ በአራተኛው አክስቷን፣ በአምስተኛው ባለፈው ክረምት ያረፉትን የመዘምራን መሪ። መስመሩ ሲያልቅባት በኅዳጉ ላይ ቀጠለች፤ የምታስታውሰውን ሁሉ፣ የፍሪፕን ወገን፣ የፖላይትን ወገን፣ ስማቸውን ከድንጋዩ ላይ ጨው የበላባቸውን ጭምር። ከኋላቸው አንድ መኪና ጡሩምባ ነፋ። ጥበቃው ሰዓቱን አየና፣ እመቤቴ፣ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፣ አላት። ኬልቪን እጁን ክንዷ ላይ አደረገ። እሷ ግን ዓይኗ እንባ እየሞላ ወረቀቱን ገልብጣ በጀርባው መጻፏን ቀጠለች።